ወንበር ስላለው መኪና አይሆንም

ሜሪላንድ ውስጥ ሚያዝያ ሲገባ ሣሩ ያብዳል። ሐሙስ ቆርጣችሁት በሚቀጥለው ሐሙስ ስትመጡ ማንም ያልነካው መስሎ ይጠብቃችኋል። ቤተ ክርስቲያናችን ያረፈችው ድሮ እርሻ በነበረ ቦታ ላይ ነው። ሕንፃውና መኪና ማቆሚያው ተቀንሶ 3 ኤከር ያህል ሣር ይተርፋል፤ በእኛ ልኬት 12 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በፊት ለሣር ቆራጮች ነበር የምንከፍለው። ሂሳቡ እየከበደ ሲመጣ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ "የራሳችን ማሽን ይገዛ" አለ። ተገዛ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ። ማን ይንዳው ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። 12 ሜትር አውቶቡስ የሚያዞር ሰው ይቺን ሚጢጢ ምን ያቅተዋል ተብሎ ነው።

ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ስልክ የለ፣ ተሳፋሪ የለ፣ ቀይ መብራት የለ። ከዚህ በላይ ምን እረፍት አለ?

ማሽኑ መሪ አለው፣ ወንበር አለው፣ ፔዳል አለው። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። መኪና ሲመስለው እንደ መኪና ይነዳዋል። መጫወቻ ሲመስለው ልጅ ይጭንበታል። ከወንበሩ ሥር ግን ቢላ አለ። የአሜሪካ ስታንዳርድ የቢላው ጫፍ በደቂቃ ከ19,000 ጫማ በላይ እንዳይሮጥ ይገድባል። ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር በሰዓት 350 ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንዲህ የሚሮጥ ብረት ድንጋይ ሲያገኝ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም።

እየነዳሁት ስሄድ አንድ ነገር ገባኝ። ሣሩን የሚያሳምረውም፣ እግርን የሚያተርፈውም ያው አንድ ጠባይ ነው። ቀስ ማለት፣ አስቀድሞ ማየት፣ ቢላውን ስሎ ማቆየት። ሲቸኩሉ ሣሩም አያምርም፣ ማሽኑም አይታመንም።

አውቶቡስ ሹፌር ጠዋት ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ያያል። ግዴታ ነው። ሣሩንም እንደዚያው በእግሬ ዞሬ አያለሁ። ማሽኑ ላይ ከመውጣቴ በፊት ባዶ ባልዲ ይዤ እሄዳለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሣር ላይ የማይገኝ ነገር የለም። የውሃ ፕላስቲክ፣ የልጅ ጫማ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ከመኪና ማቆሚያው የተረገጠ ጠጠር። ከሁሉም የምፈራው ግን ከደመራ በኋላ ያለውን ነው። እንጨቱ ይነድዳል፣ አመዱ ይጠረጋል፤ የታሰረበት ሽቦና ምስማር ግን ሣር ውስጥ ይቀራል። ሽቦ ቢላው ላይ ይጠመጠማል። ምስማር ይወነጨፋል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ደመራው የነበረበትን ቦታ በማግኔት እጠርገዋለሁ። ጣሪያ ሠሪዎች ምስማር የሚለቅሙበት ባለ እጀታና ባለ ጎማ ማግኔት አለ፤ እሱን ገዝቻለሁ። አንድ ዙር ስጎትተው ሙሉ ፂም አብቅሎ ይመለሳል።

የንግሥ በዓል ሲሆን ደግሞ ድንኳን ይተከላል። ድንኳኑ ሲነሳ ካስማው ይረሳል። ባለፈው ዓመት አንዱን ያገኘሁት በእግሬ መትቼው ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ብረት፣ ራሱ በመዶሻ ተደብድቦ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ፣ ከመሬት አራት ጣት ያህል ብቅ ያለ። ሣሩ ሙሉ በሙሉ ውጦታል። ወንበር ላይ ሆኖ በፍጹም አይታይም። ቢላው እሱን ቢመታው በትንሹ ቢላው ይጣመማል፤ ባስ ካለም ቢላው የሚዞርበት ዘንግ ይሄዳል። ግራና ቀኝ እየነቀነቅኩ ነቀልኩት። አሁን ድንኳን ተካዮቹ ካስማ ቆጥረው እንዲያስረክቡኝ አድርጌአለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ይቆጥራሉ።

አለባበስ ላይ ብዙ አልቆይም። ረጅም ሱሪ፣ ጠንካራ የማያንሸራትት ጫማ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ። በነጠላ ጫማ የሚቆርጥ ጎረቤት አለኝ፤ ሳየው ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጆሮ ላይ ግን ቀልድ የለም። የቤንዚን ማጨጃ ድምፅ 90 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ለ8 ሰዓት የሚመክሩት ጣሪያ ደግሞ 85። ከ2 ሰዓት በላይ እዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ይቆጠራል።

ነዳጅ የሚቀዳው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። መሀል ላይ ካለቀባችሁ ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ይቀዝቅዝ። ነዳጅ ማደያ ስትሄዱም ጄሪካኑን መኪና ላይ እንዳለ አትሙሉት። መሬት ላይ አውርዱት። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ፒክአፕ ላይ የተቀመጠ ጄሪካን የኤሌክትሪክ ኃይል አጠራቅሞ ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል፤ በዚህ የተነሳ እሳት የተነሳባቸው ሰዎች አሉ።

ወንበሩ ሥር አንዲት ስዊች አለች። ቢላው እየዞረ ከወንበር ብድግ ካላችሁ ሞተሩን ታጠፋዋለች። የማሽኑ ነፍስ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በየጊዜው እፈትሻታለሁ። ገላጣ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ቢላውን አስነስቼ፣ እግሬን ሳላነሳ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ እላለሁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የዚያን ቀን ሥራ የለም።

አንድ ጊዜ መሬቱ ሲያነጥረኝ ሞተሩ እየጠፋ አስቸግሮኝ ነበር። መካኒክ የሆነ አንድ ወንድማችን አየና፣

"ጋሼ፣ ይቺን ስዊች በሽቦ ላያይዝልህ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ተዋት።"

"ሁሉም እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

"ሁሉም እግሩን ቆጥሮ ይመለስ እንደሆነ እኔ ምን አውቄ። የወንበሩን ስፕሪንግ እይልኝ።"

ስፕሪንጉን አየው። ችግሩም እሱ ነበር። ልቡ ጥሩ ነው፣ እጁም ወርቅ ነው። ግን እንዲህ ዓይነቱ "ውለታ" ነው ሰው የሚያስጎዳው።

አሁን ወደ ልጆች ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቀመጣለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ሣሩ ላይ ይፈስሳሉ። እሑድ አልቆርጥም፤ ሰንበትነቱ እንዳለ ሆኖ። ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር ያጠናሉ። እሱም አይሆንም። የመረጥኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ፈረቃዬን ጨርሼ። ያኔም ቢሆን ለሠርክ ጸሎት የሚመጣ ቤተሰብ አይጠፋም። አንድ ቀን አንድ አባት የአምስት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ ማሽኑን አይቶ ዓይኑ ፈጧል።

"ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ አዙርልኝ። ፎቶ ላንሳው።"

ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ወረድኩ። እምቢ አልኩት። ቅር አለው። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ባዞረው ምን ይሆናል ነው የሚለው። እኛ ሐበሾች ልጅ ሲለምን እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስለናል። ቆመን ተነጋገርን።

የነገርኩት ይህን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚነዳውን ማጨጃ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይነዳው ይመክራል። እየተገፋ የሚሄደውን እንኳ ከ12 ዓመት በታች አይፈቅድም። ተሳፋሪ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ የለም። የሚያስፈራው ልጁ ከጭን ላይ ይወድቃል ተብሎ ብቻ አይደለም። የሚያስፈራው የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። አንድ ጊዜ የተሳፈረ ልጅ ድምፁን ሲሰማ "መጣልኝ" ብሎ ይሮጣል። ከኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ጆሮዬን ደፍኛለሁ። እሱ አጭር ነው። ወደ ኋላ በምሄድበት ሰዓት ቢመጣ ማን ያየዋል?

አባትየው ዝም አለ። ከዚያ ልጁን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና "ና ከሩቅ እንየው" አለው። በረንዳው ላይ ቆመው አዩኝ። እጄን አውለበለብኩለት። በቂ ነው።

ደንቤ አጭር ነች። ሣሩ ላይ ልጅ ካየሁ ቢላው ይጠፋል። ልጁ አዋቂ ሰው እጁን ይዞት ሕንፃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይነሳም።

ወደ ኋላ ስለመሄድ ካነሳሁ አይቀር፣ የአሁኖቹ ትራክተሮች (እንደ እኛው መሪ ያላቸው ማጨጃዎች እንዲህ ነው የሚባሉት) አብዛኞቹ ቢላው እየዞረ ሬትሮ ስታስገቡ ሞተሩን ወይም ቢላውን ያጠፋሉ። ይህንን የምታልፉበት ቁልፍም አብሮ ተሠርቷል። እኔ አልነካትም። ወደ ኋላ መሄድ ካለብኝ ቢላውን አጠፋለሁ፣ ዞሬ መሬቱን አያለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ። አውቶቡስ ላይ የተማርነውም ይህንኑ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ሬትሮ ጭራሽ ያልገባው ነው። ሣር ላይም መታጠፊያችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ወደ ኋላ መመለስ እምብዛም አያስፈልግም።

ከሕንፃው ጀርባ መሬቱ ወደ ኩሬ ይወርዳል። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። የሣር ማጨጃ ሰው ከሚገድልባቸው መንገዶች ዋነኛው መገልበጥ ነው። ከሥሩ ውሃ ካለ ደግሞ ከማሽኑ ሥር ተይዞ መስጠም አለ። ስለዚህ ተዳፋቱን በዓይን መገመት ትቼ ለካሁት። አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ቁልቁለቱን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች ታስተኛላችሁ። ስልካችሁን ጣውላው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ስልክ ላይ ያለው ውሃ ልክ ዲግሪውን ይነግራችኋል። አብዛኛው መመሪያ 15 ዲግሪ ላይ ያቆማል። 15 ዲግሪ ማለት 10 ሜትር አግድም ስትሄዱ 2.7 ሜትር ያህል መውጣት ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። ወንበሩ ላይ ስትሆኑ ግን ሆድ ይገለበጣል።

ትራክተር ዓይነቱ ዳገት ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይነዳል እንጂ አግድም አይነዳም። መሀል ዳገት ላይ አትታጠፉ። አትቁሙ። ስትወርዱ ፔዳሉን ለቅቃችሁ በራሱ እንዲንሸራተት አትፍቀዱለት። ጎማ መንሸራተት ከጀመረ ቢላውን አጥፉና ቀስ ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። ጥሩ መፈተኛ አለ፤ ቢላው ጠፍቶ በሬትሮ ልትወጡት የማትችሉትን ዳገት አትቁረጡት። የእኛ ማሽን ከ200 ኪሎ ብዙ አይርቅም። እኔ 90 ኪሎ ነኝ። ስዘነበል ማሽኑም አብሮኝ ይዘነበላል። አውቶቡስ ላይ ብዘነበል ማንም አያውቅም።

ሁለት መቅዘፊያ የመሰለ እጀታ ያላቸው፣ ዜሮ ተርን የሚባሉት፣ ሜዳ ላይ ተአምር ናቸው። ባሉበት ይሽከረከራሉ። ግን የፊት ጎማቸው ዝም ብሎ የሚከተል ነው። መሪውም ፍሬኑም የኋላ ጎማው ነው። የኋላው ጎማ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ከተንሸራተተ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ኩሬ ባለበት ግቢ እኔ ትራክተሩን እመርጣለሁ። መገልበጥን የሚከላከል ቅስት ብረት ያለው ማሽን ከሆነ ብረቱ ቆሞ ቀበቶው ይታሰራል። ብረቱ ከሌለ ወይም ከታጠፈ ግን ቀበቶ አይታሰርም፤ አብራችሁ ነው የምትደፉት።

የኩሬው ዳር ላይ ከሁለት ማሽን ስፋት በላይ ሣር እተዋለሁ። ቅሬታ መጣ። ከዚያ ማኅበረ እናቶች አዩትና ተረከቡት። ለጉዝጓዝ ሆነላቸው። ለንግሥ ዋዜማ በማጭድ ቆርጠው ይወስዱታል። አሁን ያንን ዳር ብነካው የሚጣሉኝ እነሱ ናቸው።

አቆራረጡ ላይ ያለኝ ጠብ ከአንዲት እናት ጋር ነው። በየሳምንቱ "ምነው ልጄ፣ ጎፈሬውን ትተኸው ሄድክ?" ይሉኛል። ላጭልኝ ነው የሚሉት። እዚህ አካባቢ የሚበዛው ሣር ቶል ፌስክዩ የሚባለው ነው። እሱ ከ3 እስከ 4 ኢንች ሲቀር ነው የሚወደው። ዝቅ ካደረጋችሁት ሥሩ ያጥራል፣ አረሙ ፀሐይ ያገኛል፣ ሐምሌ ላይ ቡናማ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ክረምት አይደለም፤ ሣሩ ተጠምቶ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። ዝናብ ጥሎ ሁለት ሳምንት ከዘለልኩ ማሽኑን ከፍ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ከቀናት በኋላ ዝቅ አድርጌ እደግማለሁ። እማማን ግን እስካሁን አላሳመንኳቸውም።

የነዳጅ መስጫው ላይ የጥንቸልና የኤሊ ሥዕል አለ። አዲስ ነጂ ሁሉ ቀስ ልበል ብሎ ኤሊው ላይ ያደርገዋል። ተገላቢጦሽ ነው። ቢላው በደንብ የሚቆርጠውም፣ ሞተሩ በደንብ የሚቀዘቅዘውም ጥንቸሉ ላይ ነው። ሞተሩ ሙሉ ይሁን፣ አካሄዱን ግን በፔዳሉ ቀንሱት። ሣሩ ሲወፍር ሞተሩ ያቃስታል። ያኔ እግራችሁን ቀለል አድርጉ። ሣሩ ተኝቶ ከኋላችሁ ቀስ ብሎ ከተነሳ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

የእኛ ማሽን 42 ኢንች ይቆርጣል። አንድ ስንዝር ያህል እየደረብኩ እመለሳለሁ። የተቆረጠው ሣር የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ዳር ዳሩን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ እዞራለሁ፤ የሚተፋው ወደ መሀል ይሆናል፣ መኪናና ሰው ከቀኜ አይኖርም። ከዚያ አቅጣጫዬን እቀይርና የሚተፋው ቀድሞ በተቆረጠው ላይ ይወድቃል። መውጫው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ከለላ ሰቅለው የሚነዱ አሉ። ያ ከለላ ነው ጠጠሩን ወደ መሬት የሚመልሰው። ይውረድ። ሣሩን አልሰበስብም፤ ደቅቆ እዚያው ሲበሰብስ ለመሬቱ ማዳበሪያ ነው። መንገድ ላይ የወጣውን ግን እጠርጋለሁ፤ እርጥብ ሣር አስፋልት ላይ ሞተር ሳይክል ይጥላል።

ሲደፈን እጅ አይገባም። ቢላው ይጥፋ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ቢላው መቆሙን ጠብቁ፣ ከዚያ በእንጨት። እርጥብ ሣር ነው የሚደፍነው፤ ጤዛ ሲደርቅ ከቆረጣችሁ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ቢላ የደነዘ መሆኑን ሣሩ ራሱ ይናገራል። ተንበርከኩና አንዱን ቅጠል ከቅርብ እዩት። ጫፉ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ጥሩ ነው። ተተልትሎ ነጭ ክር ካወጣ ቢላው እየቆረጠ ሳይሆን እየቀደደ ነው። በሁለተኛው ቀን ሜዳው በሙሉ ገርጥቶ ታገኙታላችሁ። ለመሳል ቢላውን ስታወጡ መጀመሪያ የካንዴላውን ሽቦ ንቀሉ። ሁለት ሲሊንደር ከሆነ ሁለቱንም። ክሪክ ላይ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አትግቡ፣ ጠንካራ መደገፊያ ይኑረው። ወፍራም ጓንት አድርጉ። እኔ ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ ነው የምስለው፤ ግራይንደር ብረቱን አግሎ ሊያበላሸው ይችላል። ሲያልቅ መሀል ቀዳዳውን ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። አንዱ ጎን ከወረደ ይከብዳል ማለት ነው፣ ከዚያ ጎን ትንሽ ይሞረዳል። ሚዛን የሳተ ቢላ ማሽኑን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ስትመልሱት ክንፍ የመሰለው ጎኑ ወደ ላይ ይሁን። ተገልብጦ የተገጠመ ቢላ አይቆርጥም፤ ሰዎች አዲስ ማሽን ሊገዙ ይደርሳሉ።

አንድ ጎን ዝቅ ብሎ ከቆረጠ ደግሞ ሌላ ከመነካካታችሁ በፊት የጎማ ንፋስ ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ መሬት ውስጥ የሚኖሩ ተርቦች አሉ። ማሽኑ ቀዳዳቸው ላይ ሲያልፍ ይወጣሉ። በዚያን ሰዓት ከወንበር ዘሎ መውረድ ነው የሚያምረው፤ ግን ነድቶ መራቅ ይሻላል። ቀዳዳውን ካየሁ ባንዲራ ተክዬ ዙሪያውን እተዋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ሰበካ ጉባኤው በባትሪ የሚሠራ ማሽን ይገዛ ይላል። ጎረቤት በድምፁ ተማሯል። እኔ አልጠላሁትም። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ጄሪካን የለ። ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ማሽን ልጆቹ ሳይሰሙት አጠገባቸው ይደርሳል፤ ይህን በስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ። ሁለት ሰዎች ሄደው አይተው መጡ። "እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ወንበሩ በጣም ይመቻል" አሉኝ። ሬትሮ ሲገባ ቢላው ይቆማል ወይ ስላቸው ተያዩ። ማክሰኞ ተመልሰው ሊጠይቁ ነው።